ግቢ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ እናቴ ግን እሺ አላለችም

የሸዋ በር ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ሐረር ናቸው። ባለፈው ሳምንት በግቢያችን ቤተ መጻሕፍት የማታ ተረኛ ረዳት ሆኜ ተመረጥሁ። በሳምንት አራት ማታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። ክፍያው በወር 1,500 ብር። ሥራው የተመለሱ መጻሕፍትን ወደየመደርደሪያቸው መመለስ፣ መታወቂያ እየያዙ ማዋስ፣ ሲዘጋ መስኮትና መብራት ማየት ነው።

ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልሁላት። ትንሽ ዝም አለችና «ምን ጎደለብህ?» አለችኝ። ምንም እንዳልጎደለብኝ ብነግራት አላመነችም። ምግቡን ግቢው ይሰጠኛል፣ መኝታ አለኝ፣ እሷም በየወሩ የምትችለውን ትልክልኛለች። «ታዲያ ምን አጥተህ ነው የሰው መጽሐፍ የምትሸከመው? ጎረቤት ቢሰማ ልጇን ማስተማር አቃታት አይልም?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። አጎቴ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ በእሱ በኩል ላስለምናት ብል እሱም «መጀመሪያ ተማር፣ ሥራው የት ይሄድብሃል?» አለኝ።

እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። ግቢ ውስጥ እየሠራችሁ የተማራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጥቅሙ 1,500 ብሩ ብቻ ከሆነ ከእናቴ ጋር ልጣላበት አልፈልግም።

---

የማዋሻው ጠረጴዛ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:25)

ወንድሜ፣ ትክክለኛው ሰው ዘንድ መጣህ። እዚያው ድሬ ተምሬያለሁ፤ ሁለት ዓመት ተኩል በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ፤ የማታውን ፈረቃ።

በመጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀላል እንዳይመስልህ። ሌላ ከተማ ማታ ጭር ይላል፤ ድሬ ግን ቀን ፀሐዩ ሰው አያስነብብም። ተማሪው ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ይውልና አየሩ ሲቀዘቅዝ እንደ ገበያ ሰው ይጎርፋል። ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቀና ብለህ ሰዓት ለማየት እንኳ ፋታ አይኖርህም።

በመጀመሪያው ወር መጽሐፍ መመለስ ማለት ባዶ ቦታ ባየሁበት መሰካት ይመስለኝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ወደ መደርደሪያው ወሰዱኝና ሦስት መጻሕፍት መዘዙ። «ይህን አንተ ነህ ያስቀመጥኸው? ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከተሰረቀው አይሻልም፤ የተሰረቀውን እንኳ አንድ ሰው ያነበዋል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ነጥብ ሳላነብ አስቀምጬ አላውቅም። ዛሬ ባንክ ውስጥ የማስታርቀው ሒሳብ በአንድ ሳንቲም ሲሳሳት የሚያንገበግበኝ ከክፍል ትምህርቱ ይልቅ ከዚያ መደርደሪያ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ በተመራቂዎች የክሊራንስ ሰሞን ሰው ማስተናገድ ትማራለህ። ፊርማ ካላገኘ ወረቀቱ የማያልቅለት ተማሪ ላቡን እያንጠፈጠፈ ይመጣል። መዝገቡ መጽሐፍ አልመለስህም ይላል፤ እሱ መልሻለሁ ይላል። አንዱ ጮኸብኝ፣ ሰደበኝ። ሄጄ ስፈልግ መጽሐፉ ሁለት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሰካሁት ራሴ ልሆን እችላለሁ፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄ ፈረምሁለት።

የምልህ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። እኛ ክፍል ከመቶ በላይ ነበርን። ስመረቅ በስሜ የሚያውቀኝ መምህር አንድም አልነበረም። ሥራ ስጠይቅ «የሚያውቅህ ሰው ደብዳቤ አምጣ» ተባልሁ። የጻፉልኝ እኚያ ሴት ናቸው። አጭር ደብዳቤ ነበረች፤ በመጨረሻው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ለእኔ ይሰጡ እንደነበር ትናገራለች። የቃለ መጠይቁ ሰው ሌላውን ወረቀቴን ገልጦ እንኳ አላየውም።

---

ፀሐይ በዝቷል (ማክሰኞ፣ ማታ 4:50)

እናትህ ልክ ናት። ሁሉም ሰው «ልምድ ታገኛለህ» ይላል። ልምዱን ጠግቤዋለሁ። እኔ በተማርሁበት ግቢ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አራት ወር ሠርቼ የሁለት ወር ተከፈለኝ። የቀረውን ስጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከኝ ተመረቅሁ። እውነቱን እንነጋገር፦ ቋሚ ሠራተኛ ከመቅጠር ተማሪ ማሠራት ይረክሳል፤ ጨዋታው ይኸው ነው።

---

የማዋሻው ጠረጴዛ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:05)

ወንድሜ ፀሐይ፣ ገንዘብህን መከልከላቸው በደል ነው፤ አልከራከርም። ግን የሥራ ውል ነበረህ?

---

ፀሐይ በዝቷል (ማክሰኞ፣ ማታ 5:09)

«ነገ ና ጀምር» ነበር ውሉ።

---

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:15)

ልጄ፣ እንደምን አደርህ። እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ናት ስልኩ ላይ የምትጽፍልኝ።

ድሬዳዋ ለምን እዚህ እንደተቆረቆረች ታውቃለህ? ሐዲዱ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ግን አስቸጋሪ ሆነ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሲደርስ ከተማዋ እዚሁ በቀለች። የናንተ ሰዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል፤ እኛ ደግሞ ሥራውን ይዘን ቀረን። ቀልዴን ነው።

እኔ በ17 ዓመቴ ቀን ጥገና ክፍል፣ ማታ ትምህርት ቤት ነበርሁ። የመፍቻውን ሁሉ ስም በፈረንሳይኛ የተማርሁት እጄ ላይ እየወደቀ ነው። በኋላ የማታ መምህሩ ያንኑ ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ሳቅሁ፤ ቃሉ ለእኔ ክብደት ነበረው። አንተም ሒሳብ አያያዝ እየተማርህ መዝገብ የሚያዝበት ቦታ ብትሠራ የምታጣው ነገር አይታየኝም።

ስለ እናትህ ግን ልምከርህ። እናት በስልክ አትለመንም። ተሳፍረህ ሂድ፤ ከ2 ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው። ቡናዋን እየጠጣህ ንገራት። ጎረቤት የምትለውን ደግሞ እንደ ዋናው ምክንያት አትቁጠረው፤ እናቶች የሚያስፈራቸውን ነገር መጀመሪያ አይናገሩም።

---

ሦስት እግር (ረቡዕ፣ ቀን 7:30)

ከጡረተኛው አባታችን ቀጥዬ ልናገር። እኔ እንኳ የሠራሁት ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ባጃጅ ነዳሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርሁ። የአጎቴ ልጅ ባጃጅ ነበረው፤ ማታ ማታ እየነዳሁ የዕለት ገቢ አስገባለት ጀመር። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ለገሃር። በአንድ ማታ አንተ በሳምንት ከምታገኘው የበለጠ ይዤ የምገባበት ቀን ነበር፤ በሐቅ። ልዩነቱ ባጃጅ «ነገ ፈተና አለብህ፣ ሂድ ተኛ» አይልህም። ተሳፋሪ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ «አንድ ጉዞ ልጨምር» ትላለህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ስቀመጥ መምህሩ የሚናገረው ከሩቅ እንደሚሰማ የባቡር ፉጨት ነበር። ከተማውን የሚያቋርጠው የዳቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ ማዶ ያደርሁበት ቀን ደግሞ የአጋማሽ ፈተናው አመለጠኝ። አንድ ዓመት አቋረጥሁ።

ተመልሼ ስመጣ በግቢው የማባዣ ክፍል ውስጥ ሥራ ሰጡኝ። ክፍያው የባጃጁን እሩብ አይሆንም። ግን አሠሪዬ የፈተና ሳምንት ሲደርስ ፕሮግራሜን ጠየቀኝ፤ ራሱ ጠየቀኝ። ከክፍሌ እስከ ሥራዬ የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነበር። በትርፍ ደቂቃዬ የማነበው ወረቀት ደግሞ ሌላው ተማሪ ሊያባዛው ያመጣው የራሴ የትምህርት ክፍል ማስታወሻ ነበር! የሰነፉንም የጎበዙንም ማስታወሻ ሳላነብ ያለፍሁት የለም።

ስለዚህ ለእናትህ «ሥራ ልጀምር ነው» አትበላት። ሥራ ስትል ለእሷ የሚታያት የእኔ ባጃጅ ነው።

---

የሸዋ በር ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2:10)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ወንድሜ ሦስት እግር፣ «ባጃጅ» ስትል አስታወስኸኝ፤ የጎረቤታችን ልጅ እንደዚያው ሲነዳ ከትምህርቱ ቀርቷል፤ እናቴ ስለ እሱ ሁልጊዜ ታነሣለች። ከቤተ መጻሕፍት ሌላ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ እንዳለም ንገሩኝ። ሴት ጓደኛዬም እየፈለገች ነው።

---

ማሽላ ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ማታ 3:00)

ሐረማያ ነው የተማርሁት፤ ዕፅዋት ሳይንስ። ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርዱ በመንገዳችሁ የምታዩት ሐይቅ፣ ደርቆ ከብት ሲግጥበት የነበረው፣ አሁን ውኃ የተመለሰበት፣ የእኛ ጎረቤት ነው።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ሰዎች እገዛ ሲቋቋም ትምህርቱ፣ ምርምሩና ለገበሬው የሚሰጠው አገልግሎት አብረው እንዲሄዱ ታስቦ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ማሳ አለ፣ ከብት አለ፣ ዶሮ አለ፤ ማሳ ካለ ደግሞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለነበረ ሰው የማሽላ ሙከራ መረጃ ሰበሰብሁለት። የዕለት ክፍያ ነበር። በየሳምንቱ ምልክት የተደረገባቸውን ተክሎች ቁመት በሜትር እየለኩ መጻፍ ነው።

አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝ። ዛፍ ሥር ቆሜ የቀሩትን ሠላሳ ተክሎች ከጭንቅላቴ ጻፍኋቸው። ያለፈውን ሳምንት ቁጥር አስታውሼ ትንሽ ትንሽ ጨመርሁበት፤ የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ባለምርምሩ በማግሥቱ ጠራኝ። ወረቀቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ይህ ተክል በአንድ ሳምንት 12 ሳንቲ ሜትር አጠረ። ማሽላ ወደ ታች ማደግ የጀመረው መቼ ነው?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ብቻ ሳቀ፤ ሳቁ ከቁጣ ባሰብኝ። አብረን ወርደን ሠላሳውንም እንደገና ለካናቸው፤ የዚያን ቀን ክፍያዬን እኔው ተውሁት።

ስለ መረጃ አሰባሰብ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አለኝ። የተማርሁት ግን ያን ቀን ነው። ለጓደኛህ፦ የትምህርት ክፍሏ መምህራን ምርምር ላይ ከሆኑ ቢሮ ሄዳ ትጠይቅ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

---

አንባቢዋ (ረቡዕ፣ ማታ 4:15)

ይህን የሚያነሣ ሰው ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እኔው ላንሣው። እኔ ለዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ ነበርሁ።

ሕግ ነው የተማርሁት። በብሬል የታተመ የሕግ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሰው ያነባል፤ ተማሪው ይሰማል ወይም በስልኩ ይቀዳል። ከእኔ አንድ ዓመት ከፍ ለሚል ተማሪ በሳምንት ስምንት ሰዓት አነብለት ነበር። የትምህርት ክፍሉ በሰዓት ትንሽ ገንዘብ ይከፍል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ዜና አንባቢ ተንደረደርሁ። ግማሽ ገጽ ሳልጨርስ አስቆመኝ። «ነጠላ ሠረዙ የት ነው?» አለኝ። «ይኸው፣ እየው» ልል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። «እዚህ አንቀጽ ላይ ‹እና› ነው ያልሽው ወይስ ‹ወይም›? አንድ ሰው የሚታሰረው በእሱ ነው» አለኝ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት አንብቤ ‹እና›ን ከ‹ወይም› ለይቼ አላየሁም! በዓይኔ ሮጬበት የማልፈውን ሁሉ በአፌ ቃል በቃል ማለፍ ነበረብኝ። ከእኔ ቀድሞ የሚማረውን ኮርስ ስለማነብለት በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ስገባ ግማሹን አውቀዋለሁ። የመውጫ ፈተናውን ሳልፍ መጀመሪያ የደወልሁት ለእሱ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። አንድ ወር ክፍያው ሲዘገይ «ተወው፣ እኔ በነጻ አነብልሃለሁ» አልሁት። ደግነት መስሎኝ ነው። ቅር አለው። «በነጻ ካነበብሽልኝ በደከመሽ ቀን ልጠራሽ አልችልም። ስትቀሪም ለምን ቀረሽ ልልሽ አልችልም። ይከፈልሽ» አለኝ። ክፍያውን ለማስለቀቅ አብረን ቢሮ ለቢሮ ዞርን።

እህትም እናትም ጓደኛም ቀጥረሃቸው ስትቀር ይቅር ይሉሃል። እዚያ ግን ሰኞ 10 ሰዓት ካልተገኘሁ አንድ ሰው ማክሰኞ ፈተናውን ሳያነብ ይገባል። ያ ነገር ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር፤ የራሴ ትምህርት እንኳ እንደዚያ አላስነሣኝም።

---

ጡረተኛው (ሐሙስ፣ ጠዋት 1:00)

ልጄ አንባቢዋ፣ ተባረኪ። የልጅ ልጄ ይህን ስታነብልኝ ነጠላ ሠረዞቹን እየጠራች ነው።

---

ፀሐይ በዝቷል (ሐሙስ፣ ጠዋት 3:20)

ጥሩ ታሪክ ነው፤ አልካድሁም። ግን ልብ በሉ፦ እሷም ክፍያ ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ ዞራለች። ማንም ስለዚህ አይናገርም።

---

ሰነድ አጣሪ (ሐሙስ፣ ቀን 6:45)

እኔ ልናገር። በአንድ የመንግሥት ተቋም የፋይናንስ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር።

ወንድሜ ፀሐይ፣ የአንተን ጉዳይ አላውቅም፤ የሚዘገይበትን መንገድ ግን አውቃለሁ። ተማሪው ይሠራል፤ የሰዓት መፈረሚያው ወረቀት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ስብሰባ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሳይጸድቅ ወሩ ያልቃል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ከተሠራ በኋላ ነው። የሁለት ወር ወረቀት ተደርቦ ሲመጣ ደግሞ «ይህ ሰዓት በእርግጥ ተሠርቷል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ማስረጃ የሌለው ይወድቃል። ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከቀረ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል።

ስለዚህ ለሸዋ በሩ ልጅ የምመክረው፦ ከመጀመርህ በፊት ስምህ፣ ሰዓትህ፣ ክፍያህና የሚከፍለው ክፍል የተጻፈበት ደብዳቤ በእጅህ ይግባ። በየቀኑ ስትፈርም ፊርማህን በስልክህ ፎቶ አንሣው። ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ወረቀቱ የት እንደደረሰ በትሕትና ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንተ ተማሪው የሒሳብ አያያዝ ሰው ነህ፤ የክፍያ ሰነድ እንዴት እንደሚጓዝ በእግርህ ተከትለህ ካየኸው ከመጽሐፍ የማታገኘው ትምህርት ነው። 1,500 ብሩ ደግሞ ሙሉውን ይደርስሃል፤ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር የወር ደመወዝ ግብር የለበትም።

---

ከማዶ (ሐሙስ፣ ማታ 5:30)

ድሬ ተወልጄ አሁን አሜሪካ የምማር ነኝ። እዚህ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ትንሽ ልጨምር።

እኔ የምሠራው በግቢው መመገቢያ አዳራሽ ነው፤ ሳህን አጥባለሁ፣ ጠረጴዛ አጸዳለሁ። የውጭ ሀገር ተማሪ ስለሆንሁ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድልኝም፤ ያውም ግቢ ውስጥ ብቻ። መንግሥት ደመወዙን የሚደግፍላቸው የተማሪ ሥራዎች አሉ፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ግን ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች እንጂ ለእኛ አይደርስም። «አሜሪካ ሄጄ እየሠራሁ ትምህርቴን እከፍላለሁ» የምትሉ ካላችሁ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት፤ በ20 ሰዓት የትምህርት ክፍያ አይሸፈንም። ኬንታኪ ውስጥ በሪያ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ እንደዚያ ያለ ግን ብርቅ ነው።

የእናትህን ነገር ሳነብ ግን ሆዴ ባባ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ደብቄያለሁ። ፎቶ ስልክላቸው ከሽርጡ በላይ ቆርጬ ነበር። እዚህ ሽርጥ ያደረገው ሁሉ ድሃ አይደለም፤ አብሮኝ የሚያጥበው ልጅ አባት ሐኪም ነው፣ አለቃችን ደግሞ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ይህን ለቤተሰቤ ለማስረዳት ብዙ ቃል አባከንሁ። አንድ ቀን እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ሽርጤን ሳላወልቅ አነሣሁ። አየችኝና «ሳሙናው እጅህን አያቃጥልህም?» አለች። ከዚያ በቀር ምንም አላለችም።

---

የቢሮ ሰዓት (ዓርብ፣ ማታ 2:20)

መምህር ነኝ፤ አጭር አደርገዋለሁ። አሌክሳንደር አስቲን የተባለ አሜሪካዊ የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ አለ። ግቢ ውስጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሠራ ተማሪ ትምህርቱን የመቀጠል ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከግቢ ውጭ ሙሉ ጊዜ የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው ይላል። ምክንያቱ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ቦታና የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው። ሦስት እግር የተባለው ወንድማችን ያለፈበት ይኸው ነው።

እንደ መምህር የምሰጋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመውጫ ፈተናው። ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም፤ ሥራው በመጨረሻው ዓመት በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢቻል እንዲቀንስ። ሁለተኛው ማን ሥራውን እንደሚያገኝ ነው። በብዙ ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣ ጸሐፊዋን የሚያውቅ ይገባል። ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ተማሪ፣ ከገጠር የመጣው፣ ማንንም የማያውቀው፣ ወሬውን የሚሰማው ቦታው ከተያዘ በኋላ ነው። የሸዋ በር ልጅ፣ አንተ እንዴት ሰማህ?

---

የሸዋ በር ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 3:05)

መምህር፣ በሐቅ ልናገር፤ የክፍሌ ልጅ ሊመረቅ ሲል ቦታውን ሲለቅ ነገረኝ። ማስታወቂያ አላየሁም። እስከ አሁን እንደ ችግር አስቤው አላውቅም ነበር።

---

የሸዋ በር ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:50)

ሐረር ሄጄ መጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረስሁ። እንደ ጡረተኛው ምክር ቡናው እስኪፈላ ምንም አልተናገርሁም። አጎቴም መጣ። ሁለተኛው ስኒ ላይ አነሣሁት። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ነገርኋት። ስለ ማሽላው ስነግራት አጎቴ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ «የእኔም ተለማማጅ እንደዚያ ነው፤ ሱሪ በዓይኑ ለክቶ ይቆርጣል» አለ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ስኒዎቹን ሰብስባ ልትነሣ ስትል «ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ከዚያ ወደ መኝታህ ማን ያደርስሃል?» አለችኝ።

ለካስ ይኸው ነበር። ጎረቤቱም፣ መሸከሙም አይደለም። ድሬ ሄዳ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ግቢውን አይታ አታውቅም። በሐሳቧ ቤተ መጻሕፍቱ ከከተማው አንድ ጫፍ፣ መኝታዬ ከሌላው ጫፍ ነው፤ በመካከሉ ጨለማ፣ ዳቻቱና ባጃጅ። ወረቀት አምጥቼ ሣልሁላት፦ ይህ በሩ፣ ይህ ዘበኛው፣ ይህ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ይህ የእኔ ሕንፃ፤ ሦስት ደቂቃ መንገድ፣ ሁሉም በአጥር ውስጥ። ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው። «መብራት አለው?» አለች። አለው አልሁ። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስመለስ ጋቢ አሸክማኛለች፤ ማታ ብርድ እንዳይመታኝ። ድሬዳዋ! ግቢ ስገባ የመኝታ ጓደኞቼ በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

---

ሦስት እግር (እሑድ፣ ማታ 2:00)

ጋቢውን ቤተ መጻሕፍት ይዘኸው ግባ፤ ወንበሩ ደረቅ ነው።

---

የማዋሻው ጠረጴዛ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ማታ 5:40)

የሸዋ በር ልጅ፣ የት ጠፋህ? ጀመርህ?

---

የሸዋ በር ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 5:20)

ጀመርሁ። አሁን ዘግቼ መውጣቴ ነው። እናቴ ሥራ ባለብኝ ማታ ሁሉ ልክ 5 ሰዓት ከ5 ላይ ትደውላለች፤ ሦስት ደቂቃውን አብራኝ ትሄዳለች። ዛሬ መሐል ላይ «አሁን ዘበኛውን አለፍህ?» አለችኝ፤ ካርታውን ይዛዋለች ማለት ነው።

መጻሕፍቱን እስከ መጨረሻው ነጥብ እያነበብሁ ነው የምሰካው። ትናንት ከቦታው የጠፋ አንድ የኦዲት መጽሐፍ ከሥነ ምግብ መጻሕፍት መካከል አገኘሁ፤ ማን እንደሰካው አልጠየቅሁም። መምህር፣ ኃላፊዋን የሚቀጥለው ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያ እንዲወጣ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እናያለን» ብለዋል። ጓደኛዬ ከማሽላ ቆጣሪ ምክር በኋላ የአንድ መምህር ቢሮ ሄዳ መጠይቅ በኮምፒውተር የማስገባት ሥራ አግኝታለች።

---

ፀሐይ በዝቷል (ረቡዕ፣ ማታ 5:31)

ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። ብሩስ ገባ?

---

የሸዋ በር ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 5:34)

ወሩ አልሞላም። ፊርማዬን ግን በየማታው ፎቶ እያነሣሁ ነው፤ እስከ ዛሬ 12 ሆኗል።